በሁለት እጅ የሚያዝ ፊት

የቄሰ ገበዝ ንጋቱን ሞት የሰማሁት ሰቆጣ ሐኪም ቤት፣ ለዓይኔ ተራ ስጠብቅ ነው። ስልኬ ጮኸ። ሲሳይ ነው፤ የሰፈራችን ሰው።

«አያ ሞላ፣ አባ አረፉ።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ።

«ሌላም አለ» አለኝ። «ጭቃውን ከኔ ጋር ቅበሩት ብለው ተናዘው ነው ያረፉ። እኔ አላስቀብርም። ኋላ አልሰማሁም እንዳይሉ አስቀድሜ ነገርኩዎት።»

«ሲሳይ፣ የሙት ቃል ነውኮ።»

«የስንቱን ሙት ቃል ልስማ? ወንድሜም ሙት ነው።»

ዘጋው።

ተራዬን ትቼ ወጣሁ። ዓይኔ እንደታመመ ይቆይ፤ ለማየት የምቸኩልበት ነገር የለኝም። ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ ሄድኩ፣ የቀረውን በእግሬ። እንደኔ ያለ ሽማግሌ ያንን ዳገት ሲወጣ ሦስት ጊዜ ነው የሚቀመጥ፤ እኔ ግን አልተቀመጥሁም። ያ ጭቃ ከተቀበረ አንድ ሰው ሊሞት እንደሚችል አውቃለሁ። ካልተቀበረ ደግሞ የአባን ኑዛዜ መሻር ነው።

ጭቃው ምን እንደሆነ ለመንገር መጀመሪያ ሰውየውን መንገር አለብኝ።

ቄሰ ገበዝ ንጋቱ አጭር ናቸው፤ ደረቅ፣ እንደ ወይራ ሥር የተጠማዘዙ። ድምፃቸው ጎርናና ስለሆነ ቅዳሴ ላይ ሕፃናት ይስቁባቸው ነበር። ቁጣቸው ቅርብ ነው። ግን የተቆጡ እንደሆነ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ጫፍ አፋቸው ውስጥ ያስገቡና ይነክሱታል። ያ የብረት ቁልፍ የክንድ ያህል ነው። «አባ፣ ምን ሁነው ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቄስ ነኝ፤ ያለ ልጓም ብናገር ማን ይፈታኛል?» አሉኝ። ሦስት ቋንቋ ነበራቸው። ለፈጣሪ በግዕዝ፣ ለሰው በአማርኛ፣ ነገር ሲከር ደግሞ በኽምጣንጋ። በኽምጣንጋ ከጀመሩ ማንም ከፊታቸው አይቆምም።

ቤተ ክርስቲያናችን ከአለት የተፈለፈለ ዋሻ ነው። ወደ መቅደሱ ከሚያስገባው ቅስት በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጌታ በዙፋኑ ተቀምጧል። ማን እንደሳለው የሚያውቅ የለም። ቀኝ እጁን አንስቷል፣ በግራው መጽሐፍ ይዟል፤ ዙፋኑን አራቱ እንስሳ ተሸክመውታል፤ የሰው፣ የአንበሳ፣ የላም፣ የንስር ፊት ያላቸው። ዓይኑ ትልቅ ነው። በቀኝ ብትቆም ያይሃል፣ በግራ ብትቆም ያይሃል። አንድ ጊዜ ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው፣ አንዱ የዛጉዌ ዘመን ነው ሲል ሌላው የለም ከዚያ ወዲህ ነው ሲል ሲከራከሩ ዋሉ። አባ ጠላ አቀረቡላቸውና፣ «ጠጡና ቀጥሉ። እሱ እንደሆነ ተቀምጧል፣ አይቸኩልም» አሏቸው።

ይህ «ተቀምጧል» የሚሉት ቃል ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። ስሞታ ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ «የቆመ ዳኛ ለመሄድ የተሰናዳ ነው፤ የኛው ተቀምጧል። በል ተቀመጥና ተናገር» ነው የሚሉት።

የኛ አገር መሐላ የሚፈጸመው እዚያ ሥዕል ፊት ነው። ሥዕሉ በመጋረጃ ተሸፍኖ ይኖራል። ክርክር ሲከር ተከሳሹ ይምላል፤ መጋረጃውን የሚገልጠው ግን ከሳሹ ነው፣ በገዛ እጁ። የሚገልጠውንም ጌታ ከሚምለው እኩል ነው የሚያየው። አንድ ሰው ጎረቤቱን አህያዬን ሰረቀኝ ብሎ ከሰሰና ቀኑ ደረሰ። እየተጎማለለ ሄደ፣ እጁን ወደ መጋረጃው ዘረጋ፣ ከዚያ እጁ እዚያው ቀረ። ዞር ብሎ፣ «እንግዲህ… አህያዋ ራሷ ሄዳም ይሆናል» አለ። ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ። አባ ቁልፉን ከአፋቸው አወጡና፣ «እሷም እግር አላት ለካ! ሂድ ፈልጋት» አሉት። ከቆላ ሁለት ሆና ተመለሰች፣ ወልዳ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ማን ከየት እንደሚገባ የማይታወቅበት ጊዜ ነበር። እሳት የተለኮሰበት ቤተ ክርስቲያን አለ ተባለ፣ ሥዕል ተቆርጦ የተወሰደበት አለ ተባለ። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት እንጃ፤ ብቻ አባ አንድ ማለዳ ደጄ ላይ ቆሙ።

«ሞላ፣ ጭቃ እርገጥ።»

«ለምን?»

«ጌታን ልንመርገው ነው።»

ያበዱ መሰለኝ። ግን ሄድኩ። ጭዱን ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩ፣ ረገጥኩ። እበት ይግባበት፣ ያለ እበት አይይዝም ብላቸው በኽምጣንጋ ተሳደቡ። «በፈጣሪ ፊት ላይ እበት?»

«ከተወለደበት በረት ያነሰ ነው?» አልኳቸው። ቁልፉን ነከሱ።

ከሥር ጀምረን መረግን። ዙፋኑ ተሸፈነ፣ እንስሳቱ ተሸፈኑ፣ እጁ ተሸፈነ። ፊቱ ላይ ግን ጭቃው አልይዝ አለ። የስንት ዘመን የጧፍ ጢስ ቅባት አድርጎታል መሰል፣ ስንለጥፈው ይወድቃል፣ ስንለጥፈው ይወድቃል።

«እምቢ አለ» አልኩ። «ይተዉት አባ፤ አልሸፈንም እያለ ነው።»

ከመሰላሉ ወረዱ። ከዚያ፣ «ኖኅ ራቁቱን በተኛ ጊዜ ልጆቹ ሸፍነውታል። አባት እምቢ ቢልም ልጅ ይሸፍናል» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። የተቀቀለ የተልባ ውሃ ይዘው ተመለሱ። እንደ ንፍጥ የሚጎተት ነው። ለፊቱ ብቻ የሚሆነውን ጭቃ በዚያ አቦኩት። ያዘ። እንዲያውም እንደ ሙጫ ያዘ። ሲጨርሱ ከመሰላሉ ወርደው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። ሌላ ጊዜ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

ታጣቂዎች መጡ፣ ቆዩ፣ ሄዱ። ዋሻው ውስጥ ተኙ፣ ግድግዳውን ግን ማንም አልነካውም። የጭቃ ግድግዳ ምን ይነካል?

በዚያው ጊዜ ነው የሲሳይ ታናሽ ወንድም ብርሃኑ የሞተው። ከገደሉ በላይ ያለች ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ያለበትን ወንድሞቹ ያውቃሉ፤ ዱቄት የሚያቀብለው ባለ ወፍጮው ፈንታውም ያውቃል። ታጣቂዎቹ አንድ ቀን ሌላ ሳይፈልጉ በቀጥታ እዚያ ወጡና ገደሉት። እነዚሁ ታጣቂዎች ደግሞ እህል የሚያስፈጩት ፈንታው ወፍጮ ቤት ነበር። ሰው ይህንን ከዚያ ደመረና፣ ፈንታው ነው የጠቆመ አለ።

ሰላም ሆኖ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ሲሳይና መካከለኛው ወንድሙ ደርቤ ክላሽ ይዘው ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረዱ። ፈንታው በጓሮ አምልጦ ደጀ ሰላም ገባ፤ ደወሉን ይዞ ጮኸ። ደወል የያዘ ሰው ባለቤቱ ጌታ ነው፤ አይነካም። ግን ዕድሜ ልኩን ደወል ይዞ የሚኖር የለም።

ስንደርስ አባ ከመሐል ቆመዋል። ፈንታው ዱቄት እንደለበሰ ነው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ። «ግለጡልኝና ልማል!» ይላል። «ይግለጡልኝና ልማል እንጂ ሌላ ምን አለኝ!»

ሲሳይ ማንገቻው የተበጠሰ ክላሹን በእጁ እንደያዘ ነው። «ይማል» አለ። «ግን በጭቃ አይምልልኝም። ፊቱን እያየ ይምላል። ጭቃው ሲነሳ ፊቱ ከጠፋ ደግሞ ጌታ ፊቱን አዙሮበታል ማለት ነው። ያን ጊዜ፣ አባ፣ ከመሐል እንዳይገቡ። ሰው ሁሉ ይስማኝ።»

ሰው ሁሉ ሰማ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፍርድ ነው አሉ። አባ ወደኔ ዞሩ። በሹክሹክታ፣ «ሞላ፣ ተልባው» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ወደ ውስጥ ገባን። አባ ሲሳይን፣ «መሣሪያህን ውጭ አኑር» አሉት።

«ወንድሜ ባዶ እጁን ነው የሞተ» አለና ይዞት ገባ። ደርቤ በሩ ላይ ቆመ።

አባ መሰላሉ ላይ ወጡ። ጭቃውን በውሃ እያራሱ፣ በጣታቸው፣ ከሥር ጀምረው ያነሱት ጀመር። የላሙ ቀንድ ወጣ። የንስሩ ክንፍ ወጣ። አንበሳው ወጣ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ከጀሉና ተዉት። ዙፋኑ ወጣ፣ መጽሐፉ ወጣ፣ ያ የተነሳው ቀኝ እጅ እንዳለ፣ ጥፍሩ ሳይቀር ወጣ። ፈንታው ጣሪያውን እያየ አፉ ይንቀሳቀሳል። እኔ የማየው የሲሳይን ጣት ነው።

አንገቱ ጋ ሲደርሱ አቆሙ። ዞሩና በኽምጣንጋ ጀመሩ፦

«ሲሳይ! ይህን ጭቃ የመረግሁት እኔ ነኝ። ፊቱ ላይ ተልባ የጨመርኩ እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ የሚሆነው የኔ ነው። ፈንታው አልመረገም!»

ሲሳይም በኽምጣንጋ መለሰ። «ያ የርስዎና የጌታ ነው። እኔ የምጠብቅ ፊት ነው።»

አባ ቁልፉን በጥርሳቸው ያዙ። ሁለት እጃቸውን በጭቃው ዳርና ዳር አስገቡ። ቅርፊት ሲላቀቅ የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጭቃው እንዳለ፣ እንደ ቂጣ፣ ክብ እንደሆነ ተነሳ። አባ እንደ አዋላጅ ሁለት መዳፋቸው ላይ ተቀበሉት።

ግድግዳው ላይ ባዶ አለት ቀረ። ከአንገት በላይ ምንም የለም።

አንዲት ሴት «ወየው!» አለች። በሩ ላይ ደርቤ ክላሹን ሲያቀባብል ቀጭ አለ። ፈንታው እዚያው ቁጭ አለ፤ አልሸሸም፣ የት ይሸሻል?

አባ ወደ ኋላቸው አልዞሩም። የያዙትን ጭቃ ገልብጠው ውስጡን አዩት። ቁልፉ ከአፋቸው ወደቀ።

«ሲሳይ! ና ያዝልኝ!»

«ምኑን?»

«ና ነው የምልህ! እጄ ዛለ፣ ሊወድቅ ነው!»

የኛ ሰው ሊወድቅ ነው ሲባል ዝም ብሎ አያይም፤ ጠላቱም ቢሆን። ሲሳይ ተራመደና አንድ እጁን ዘረጋ።

«በአንድ እጅ አይያዝም!» ብለው ጮሁበት።

ሲሳይ ግራና ቀኝ አየ። አጠገቡ ያለሁ እኔ ነኝ። ሳያየኝ ክላሹን እጄ ላይ ጣለውና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። አባ አስረከቡት። ዝቅ አድርጎ ሲያየው ጊዜ ፊቱ እዚያ ነበር። ቀለሙ ከአለቱ ለቆ ጭቃው ላይ ቀርቷል። ያ ትልቅ ዓይን፣ ያ ጢም፣ ሁሉም እንዳለ፤ ቀኙ ግራ ሆኖ፣ ከሲሳይ ክንድ ላይ እንደ ሕፃን ሽቅብ ያየዋል።



«በል» አሉ አባ ከመሰላሉ ላይ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። «ከሳሽ በገዛ እጁ ይዞታል። ተከሳሽ ና ማል።»

ፈንታው በጉልበቱ እየዳኸ መጣ። ያ በዱቄት የነጣ ፊቱን ወደ ጭቃው አስጠግቶ፣ «ብርሃኑን በአፌ፣ በጣቴ፣ በዓይኔም ጠቁሜ እንደሆነ ይህ ፊት በመጨረሻው ቀን አይየኝ» አለ።

ሲሳይ ጭቃውን መልሶ ወደ ላይ ዘረጋ። «አባ፣ ይቀበሉኝ።»

አባ ከመሰላሉ ወረዱ። አልተቀበሉትም። ቁልፋቸውን ከመሬት አነሱ፣ በነጠላቸው ጠረጉት፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«ምን አስቸኮለህ?» አሉት። «እሱ ተቀምጧል።»

ማንም ሊቀበለው አልተነሳም። ሲሳይ ሊጥለው አይችል፣ ሊያኖረው ቦታ የለ። ክንዱ ሲዝል ተንበረከከ፤ ተንበርክኮም ያዘው። ከፈንታው ጋር ትንፋሽ ለትንፋሽ ሆኑ። በሩ ላይ ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ እንደገና ተሰማ። ደርቤ ጥይቱን እያወጣ ነበር።

ፈንታው የማለው እውነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። አባን ጠይቄያቸው፣ «እኔ ገበዝ ነኝ፤ ሥራዬ በር መክፈትና መዝጋት ነው» አሉኝ።

ጭቃውን ገበቴ ውስጥ፣ ባዘቶ ላይ አስተኝተው በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት፤ ዕቃ ቤት አስገብተው ቆለፉበት። በዓመት በዓል ያወጡታል፣ ሰው ጨርቁን ይሳለማል፣ ይገባል። ገልጠው ግን ለማንም አላሳዩም። ከከተማ ሰዓሊ እናምጣና ግድግዳው ላይ አዲስ ፊት ይሳልበት ሲባል እምቢ አሉ። «ፊት ባይኖረው ነው የምታስሉለት?» ሲሳይና ፈንታው ሰላምታ የላቸውም። ደርቤማ ፈንታው የሚመጣበትን መንገድ ትቶ ነው የሚሄድ። ግን ወፍጮው ይፈጫል፣ ሰው አልሞተም። ሲሳይ ሲጠጣ ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚያይበት ጊዜ እንዳለ ሰዎች ነግረውኛል።

እንግዲህ ይህን እያሰብኩ ነው ዳገቱን የጨረስሁት።

ስደርስ ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ገብቷል፣ ፍትሐቱ ተጀምሯል። ሲሳይ የዕቃ ቤቱን በር በጀርባው ደግፎ ቆሟል። ካህናቱ ከሩቅ ያዩታል። አንዱ መጥተው ቁልፉን ሰጡኝ፤ «ሞላ ይክፈት ብለው ነው ያረፉ» አሉኝ። ቁልፉ ጫፉ ላይ እንደ መስታወት ያበራል። በምን እንደተወለወለ አውቃለሁ።

«ዘወር በል» አልኩት።

«አያ ሞላ፣ እርስዎን አልገፋም። ግን እሱ ከተቀበረ እኔ ምን ይዤ እኖራለሁ? ደርቤስ? ያ መሐላ ያለው እዚያ ውስጥ ነውኮ።»

«እኔም እንዳንተው ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም። ግባ፣ አብረን እንየው። ከዚያ ትጣላኛለህ።»

ገባን። ገበቴው ከነጨርቁ መደርደሪያው ላይ ነው። ሲሳይ ራሱ ገለጠው።

ውስጡ አፈር ነው። የተሰባበረ፣ የደቀቀ፣ ከጭድ ጋር የተቀላቀለ አፈር። ጭቃ ሲደርቅ እንዲህ ነው፤ ቀለሙ ረግፎ ጥቁሩ ከቡናማው አይለይም። ዓይን የለ፣ ጢም የለ። ባዘቶው ላይ አንድ እፍኝ ትቢያ።

ሲሳይ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«አባ ያውቁ ነበር።»

«ቁልፉን ይዘው እንዴት አያውቁ።»

«ስለዚህ ነው ቅበሩት ያሉ።» ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። «በየጊዜው ስስመው የኖርሁ… ጨርቅ ነው?»

እኔ ቄስ አይደለሁ። «ተነስ» አልኩት። «ሬሳው ይጠብቃል።»

ተነሳ። ጨርቁን መልሶ ሸፈነ፣ ዳር ዳሩን እንደ አልጋ ልብስ ወደ ውስጥ አጠፈ፣ ገበቴውን አቅፎ ወጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት።

መቃብሩ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ፈንታው ነው። ቆፍሮ የጨረሰው እሱ ነው፤ ሬሳውንም ከውስጥ ሆኖ ተቀብሎ አስተኛ። የቀረው ገበቴው ነው። ሲሳይ ወደ ጉድጓዱ ሲጠጋ ደርቤ ከሰው መሐል ወጥቶ ፊቱ ቆመ፣ ክላሹን እንደያዘ።

«ሳላየው አይቀበርም።»

«ደርቤ፣ ተው።»

«አንተ ይዘኸዋል፣ አይተኸዋል። እኔ በር ላይ ነበርኩ። አላየሁም! በምን አምኜ ነው ዝም ብዬ የኖርሁ? ግለጠው።»

ከጉድጓዱ ውስጥ የፈንታው ራስ ብቻ ይታያል። ሲሳይ ወደኔ አየ፣ ከዚያ ወደ ወንድሙ።

«በአንድ እጅ አይያዝም» አለው።

ደርቤ ዞሮ ክላሹን ሰጠኝ። ሲሳይ ገበቴውን ሁለት እጁ ላይ አኖረለትና ጨርቁን ከአንድ ጥግ አነሳ፤ ለደርቤ ብቻ በሚታየው ልክ። ደርቤ አየ። ትቢያውን አየ፣ የወንድሙን ፊት አየ፣ እንደገና ትቢያውን አየ። አሁን ይጮሃል፣ ጉድ ይላል፣ ገበቴውን ይወረውረዋል ብዬ ክላሹን አጥብቄ ያዝኩ።

ሲሳይ ጨርቁን መለሰ።

ደርቤ ጉድጓዱ አፍ ላይ በጉልበቱ ወረደና ገበቴውን ወደ ታች ዘረጋ። ፈንታው አንድ እጁን አካፋው ላይ እንደጫነ ሌላውን አነሳ።

ብርሃኑ ከሞተ ወዲህ ደርቤ ለዚያ ሰው የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

«በሁለት እጅህ ያዝ» አለው። «ይከብዳል።»